«ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?» ብላ ለጠየቀችው የላብራቶሪ ባለሙያ

ሰላም የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች። ይህን የምጽፈው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለምትሠራ አንዲት እህታችን ነው። ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ታናሽ ወንድሜን ያተረፈችልን ግን እሷ ናት።

ወንድሜ የአይሱዙ ረዳት ነው። ጥቅምት ላይ ከመተማ ሰሊጥ ጭነው መጡ። በገባ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንለት እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በላብ ይጠመቃል። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። «ታይፎይድ ነው» ተባለና ሲፕሮ የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ታዘዘለት። አራት ቀን ዋጠ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስንመለስ መርፌ ጀመሩለት። ፈጣኑን የወባ ምርመራም አደረጉለት፣ ኔጌቲቭ አለ። እናቴ ጸበል እንውሰደው ማለት ጀመረች።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ እሷ ከወረቀቱ በፊት ያየችው ፊቱን ነው። «ወንድሜ፣ በዚህ ወር ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በሽታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ስለምትል እዚህ ማንም ቶሎ አያስበውም። «መተማ» ሲላት ወዲያው መውጊያዋን አነሳች።

ኔጌቲቭ የሚለውን ውጤት አሳየናት። በእሱ ብቻ አልረካችም። ብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን የማያመነጭ ፋልሲፓረም በሀገራችን ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለው ከምርመራው ሊያመልጥ ይችላል ብላ አስረዳችን። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራም በሌላ ትኩሳት ምክንያት ፖዘቲቭ ሊል እንደሚችል የሰማሁት ከእሷ ነው።

ስላይድ በሚባለው ትንሽ መስታወት ላይ አንድ ወፍራም የደም ጠብታ አደረገች፤ አጠገቡ ደግሞ ሌላ ጠብታ ስስ አድርጋ ዘረጋች። ወፍራሙ ተውሳኩ መኖሩን ለማግኘት፣ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት ነው። እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀለም ቀባችው። ጣቶቿ ጫፋቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ቀርቷል፤ ስንት ዓመት እንደሠራች ከዚያ ያስታውቃል። ልታይ ስትል መብራት ጠፋ። «ነገ ኑ» የምትለን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መስታወት ያለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ አውጥታ መስኮቱ ጋ አስጠጋችና በፀሐይ ብርሃን ማየት ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀና አላለችም። በመጨረሻ ጠራችኝና አሳየችኝ። ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ቀጭን ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ነጥብ። ፋልሲፓረም ነበር።

ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ታዘዘለት። የመጀመሪያውን አራት ፍሬ እዚያው ወተት ጠጥቶ ዋጠ፤ ቅባት ያለው ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ሁለተኛው ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ለሁለት ቀን፣ በጠቅላላ 24 ፍሬ። «ተሻለኝ ብለህ እንዳታቆም» አለችው፣ ሁለት ጊዜ። የኮአርተም ዋናው ክፍል ከአርቴሚሲኒን የተሠራ ነው። እሱን መላመድ የጀመረ ወባ በኢትዮጵያም ታይቷል። ለዚህም ነው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ደሙን እንዲያሳይ የቀጠረችው። ያን ቀን ስላይዱ ንጹህ ነበር። የዋጠው ሲፕሮና የተወጋው መርፌ ግን ለወባው ምንም አልሠሩም፤ ያተረፉት ነገር ቢኖር ሆዱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መድኃኒት ማላመድ ነው። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከቆላ የተመለሰ ሰው ያላችሁ፣ ሹፌር፣ ረዳት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ትኩሳት ከያዘው ሳታድሩ ወደዚያ ላብራቶሪ ውሰዱት። የት እንደነበረም እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ንገሯት። ሰልፍ አለ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ብትደርሱ ይሻላል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። ወንድሜ ሰኞ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አጎበሩን ጋቢናው ውስጥ አጣጥፎ ይዞ ነው የሄደው። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፍታ ቅዳሜ ይዛልሽ ትመጣለች።