ዙም ኤፍ3 ከነውጭ ማይኩ፦ ሱሉልታ ላይ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

የራሱ ማይክ የሌለው ድምፅ መቅጃ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። የበገና መምህሬም መጀመሪያ ሲያዩት አገላብጠው አገላብጠው "ታዲያ ጆሮው የት አለ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ዙም ኤፍ3 ብቻውን ምንም አይሰማም። ሁለት የኤክስኤልአር መሰኪያ (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ኬብል የሚገባበት)፣ ትንሽዬ ስክሪን፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ሚሞሪ። በቃ። እኔም የገዛሁት ለዚሁ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በገና፣ የሽማግሌዎች ጨዋታ፣ ሰርግና የሜዳ ወፍ ስቀዳበት ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምርጫው ላውራ። ገበያ ላይ ያሉት የእጅ መቅጃዎች አብዛኞቹ አናታቸው ላይ ሁለት ማይክ የተተከለላቸው ናቸው። ማይክ ለሌለው ሰው አሪፍ ናቸው፤ ከኪስ አውጥቶ መቅዳት ነው። ማይክ ካላችሁ ግን አናቱ ላይ ላለው የምትከፍሉት ለማትጠቀሙበት ነገር ነው። በዚያ ላይ ርካሾቹ የውጭ ማይክ የሚቀበሉት በቀጭኑ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ብቻ ነው። በእሱ በኩል 48 ቮልት ፋንተም፣ ማለትም መቅጃው በኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚልከው ኃይል፣ አይገኝም። አብዛኛው የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ደግሞ ያለ ፋንተም አይነቃም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ኤክስኤልአርና 48 ቮልት አለው ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛውን ማጣሪያ ሻጭ አይነግራችሁም። ጸጥ ባለ ቦታ ስትቀዱ ከኋላ የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በሺህኛ ቮልት የሚለካ ነው። መቅጃው ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ያንን ያጎላዋል፤ ሲያጎላው የራሱንም ጫጫታ ይጨምርበታል። መመሪያው ላይ ይህ ኢአይኤን ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ጥሩ ነው። የኤፍ3 -127 ዲቢዩ ነው። 150 ኦም ያለው ማይክ በሙቀት ብቻ የሚፈጥረው የማይቀር ጫጫታ ራሱ ወደ -131 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የሚሻሻል ብዙ ነገር የለም። ለውጭ ማይክ መቅጃ ስትመርጡ ከሁሉም በፊት ይህንን ቁጥር ፈልጉ ነው የምለው። ስክሪኑ ባለ ቀለም ሆነ አልሆነ፣ ስንት ዓይነት ኢፌክት ኖረው፣ ለእኔ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ልዩነቱ በደንብ የሚሰማው ደካማ ሲግናል የሚያወጣ ማይክ ላይ ነው። ሹር ኤስኤም58ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው፤ ሰርግ በሉት፣ ቤተ ክርስቲያን በሉት፣ ስብሰባ በሉት፣ ያልገባበት የለም። ቢወድቅም ግድ የለውም፣ ፋንተምም አይፈልግም። ግን በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት የሚያወጣው 1.85 ሚሊቮልት ነው። እኔ የምጠቀምበት ሮድ ኤንቲ5 ለዚያው ድምፅ 12 ሚሊቮልት ያወጣል። ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ለስለስ ያለ ድምፅ በኤስኤም58 ስትቀዱ መቅጃው አብዝቶ ማጉላት ይኖርበታል፤ ደካማ ፕሪአምፕ የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው።

የበገናው ቀረጻ ሁሉን ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። በገና አሥር አውታር አለው። ያንን የታወቀ ንዝረት የምትሰጠው በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ ናት፤ እንዚራ ይሏታል። መምህሬ አንድ አውታር ነክተው እጃቸውን ሲያነሱ ዝዝዝታው ወዲያው አይጠፋም። እየቀጠነ፣ እየራቀ ነው የሚሄደው። ቀድሞ የነበረኝ መቅጃ (ስሙን ልተወው) ላይ ያ የመጨረሻው ክፍል ሽሽሽታው ውስጥ ይሰጥም ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ይሰማል። አውታሩ ዝም ሲል የመምህሬ ትንፋሽ ይመጣል፤ ከዚያ ሲቀመጡበት የሚንቋቋው በርጩማ፤ ከዚያ የጎረቤት ዶሮ። ዶሮው እንዲቀዳ የፈለገ ሰው አልነበረም፤ የመቅጃውን ንጽሕና ግን ከእሱ በላይ የሚመሰክር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ኤፍ3 የጌይን ቁልፍ (የሚቀዳውን ድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) የለውም። የሚቀዳው በ32 ቢት ፍሎት ነው፤ ደካማውንም ከባዱንም ድምፅ አንድ ላይ የሚይዝ የአቀዳድ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ መሰኪያ ሁለት የዲጂታል መቀየሪያ አለው፤ አንዱ ለደካማው፣ ሌላው ለከባዱ ድምፅ። ሁለቱን አዋህዶ አንድ ፋይል ያወጣል። ድምፁ ያነሰ ከመሰላችሁ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ከፍ ታደርጉታላችሁ፤ የበዛ ከመሰላችሁ ታወርዱታላችሁ፤ አይሰነጠቅም።

ይህ ነገር ለማን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ነው። ሰፈራችን ካሉ አዛውንት ጋር ቁጭ ብዬ የድሮ ጨዋታ ስቀዳ ጠያቂውም እኔ፣ ቀጂውም እኔ ነኝ። እማማ የሚሉት ነገር ምስጢር ሲሆንባቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወዲያው ደግሞ ከት ብለው ይስቃሉ። ድሮ ዓይኔ መቅጃው ላይ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ሰው ሲያወራላችሁ እቃ እቃ የምታዩ ከሆነ ወሬው ይቆረጣል። አሁን እሳቸውን ነው የማየው። ሰርግ ላይም እንደዚሁ ነው። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ ሲጋጋል፣ መሀል ላይ አንዷ ማይኩ አጠገብ መጥታ እልልታዋን ስትለቀው፣ ፋይሉ ንክች አይልም።

"32 ቢት ከሆነ ምንም አይበላሽም" የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ከደረሰበት ተሰነጣጥቆ ነው የሚልከው፤ መቅጃው የደረሰውን ነው የሚቀዳው። ከሞንታርቦው ሚክሰር በቀጥታ መስመር ስትወስዱም ግብዓቱን ከማይክ ወደ ላይን (ለከባድ ሲግናል ወደሚሆነው) መቀየር ግድ ነው። ካልሆነ ሲግናሉ መግቢያው ላይ ይጨናነቃል፤ ፍሎት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ስለሆነ አያድንም። በዚያው ፋንተሙን አጥፉት። ሚክሰር ላይ 48 ቮልት የሚላክበት ምክንያት የለም፤ ሚክሰሩም የሰው ነው።

ፋይሉ ወፍራም ነው። ሁለት ቻናል በ48 ኪሎኸርትዝ ስትቀዱ በሰዓት 1.38 ጊጋባይት ይፈጃል። በ24 ቢት ቢሆን 1.04 ነበር። ኤፍ3 ላይ ግን 24 ቢት የሚባል ምርጫ የለም። 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 23 ሰዓት ይይዛል፣ ስለዚህ ቦታው አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው መላኩ ነው። ለመምህሬ በቴሌግራም የምልከው ኤምፒ3 አድርጌ ነው። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ 32 ቢት ፍሎትን እንዳለ ይከፍታል፤ ከፍ ዝቅ አድርጎ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ግን ይህን መቅጃ ባይገዛ ይሻለዋል። ቀድቶ ወዲያው ለሰው ለመላክ የተሠራ እቃ አይደለም።

ሚሞሪውን ካነሳን አይቀር፣ የምትገዙትን ማይክሮኤስዲ ፈትሹ። አንድ ሱቅ 128 ጊጋባይት ብሎ የሸጠልኝ ላዩ ላይ ብቻ ነበር 128 የሚለው። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሚሞሪውን እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ ያነባል፣ ፎርጂድ ከሆነ ያጋልጠዋል። ቀረጻ ደግሞ አይደገምም፤ ሙሽራዋን ነይ እንደገና ውጪ አይባልም።

ባትሪ ላይ ኤፍ3 በላተኛ ነው። ጥፋቱ የመቅጃው ብቻ አይደለም፤ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ በ48 ቮልት ሲነዳ ማንኛውም በሁለት ድንጋይ የሚሠራ መቅጃ ቶሎ ይደክማል። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ድንጋይ አይሞከርም። ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ። መቅጃው ሜኑ ላይም የባትሪውን ዓይነት ንገሩት። የሚሞላው ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው፣ አልካላይኑ 1.5፤ ካልነገራችሁት ምልክቱ ይሳሳታል። ለረጅም ቀረጻ እኔ በዩኤስቢ ሲ ፓወር ባንክ እሰካበታለሁ። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ሲሆን "የተሰካ የለም" ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ቤት ሞክራችሁ ውጡ። ድንጋዩ ውስጡ ይኑር።

ከግድግዳ ሶኬት ላይ ቻርጀር ሰክቶ መቅዳትን ተዉት። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ መሬት የተቀበረ አርዝ የለውም። እምምም የሚል ድምፅ ይገባል፤ በ50ና በ100 ኸርትዝ ላይ። በገና ላይ ከገባ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ የበገናው ድምፅም እዚያው ሰፈር ነዋ። ይልቅ መብራት ሲሄድ ነው እኔ ደስ የሚለኝ። ፍሪጁ ዝም ይላል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ይላል፣ ወፍጮ ቤቱ ዝም ይላል። ሰው ሁሉ "ምነው ዛሬም" ሲል እኔ ማይክ እተክላለሁ።

ስለ ቤቱ ካወራሁ፣ ጥሩ ድምፅ ያገኘሁት ሴራሚክ በተነጠፈበት አዲስ ሳሎን ውስጥ አይደለም። እዚያ ቃል ሁሉ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። የእማማ ጭቃ ቤት ግን ስቱዲዮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ግድግዳው ጎርበጥባጣ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ፣ አልጋው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ። ችግሩ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የማንም ፕሪአምፕ አያድንም። ክረምት ላይ ቀጠሮ የምይዘው ለጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናውን ማመን አይቻልም።

ውጭ ደግሞ ነፋስ አለ። ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ሜዳው ገላጣ ነው። ከማይኩ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ ለትንፋሽ እንጂ ለሜዳ ነፋስ አይበቃም። ፀጉራም ሽፋን ያስፈልጋል፤ ከመርካቶ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ይቻላል፣ የእኔ እንደዚያ ነው። የጎጃም መንገድ ላይ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ጉርምርምታ ሌላ ጉዳይ ነው። መቅጃው ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ አለው፤ ለንግግር አብሩት፣ ለበገና አትንኩት።

ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ የሚጮኸውን ዋትልድ አይቢስ ለመቅዳት ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይኖር ወፍ ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ ማንንም ይቀሰቅሳል። እሱ ሲያልፍና ሜዳው ጸጥ ሲል ጆሮ ማዳመጫው ላይ ቀጭን ሽሽሽታ ይሰማል። ያ የመቅጃው ሳይሆን የማይኩ የራሱ ጫጫታ ነው። የኤንቲ5 ጫጫታ 16 ዲቢ ነው። ለወፍ ብቻ የሚገዛ ሰው ከዚያ ያነሰ ይፈልግ። ፕሪሞ ኢኤም272 በምትባለው ትንሽ ካፕሱል ራሳቸው ማይክ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ 14 ዲቢ ናት። እነዚህ የሚሠሩት በትንሽ ቮልት ስለሆነ ከኤፍ3 ጋር ለማገናኘት እንደ ሮድ ቪኤክስኤልአር ፕላስ ያለ ፋንተሙን ወደ 3 እስከ 5 ቮልት የሚያወርድ መሸጋገሪያ ያስፈልጋቸዋል።

ክራር ለሚቀዱ አንድ ነገር ላንሳ። የኤሌክትሪክ ክራር የሚወጣው በወፍራሙ ጃክ ነው። የኤፍ3 መሰኪያ ኤክስኤልአር ብቻ ነው፤ ጃክ አይገባበትም። መሀል ላይ ዲአይ ቦክስ (የጃኩን ሲግናል ለኤክስኤልአር የሚያመቻች ሳጥን) መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። ጃክም የሚቀበል መቅጃ የሚፈልግ ሰው ዙም ኤች4 ኢሴንሻልን ይይ። እሱም 32 ቢት ፍሎት ነው፣ ሁለቱ መሰኪያዎቹ ጃክም ኤክስኤልአርም ይቀበላሉ፣ አናቱ ላይም ማይክ አለው። ከሁለት ማይክ በላይ የሚፈልግ ደግሞ ኤፍ6ን ይመልከት፤ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ኤፍ3 በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ ወደ 350 ዶላር ገደማ ነበር። በብር ስንት እንደሚሆን አልጽፍም። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። የእኔን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነና ማይክ ከሌላችሁ፣ ባለ ማይኩን መቅጃ ገዝታችሁ የተረፈውን ለነፋስ ሽፋን፣ ለማይክ መቆሚያና ለደህና ኬብል አውሉት። ኬብሉን ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሰክታችሁ፣ ጫፉን ወዝወዝ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ኪርር ካለ መልሱት።