ሐዋሳ ላይ ኮምፒውተራችሁን ከነፋይሉ አምናችሁ የምትሰጧት ባለሙያ

ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር የምትጠግነውን እህታችንን ከልብ እናመሰግናለን። የቤታችንን አዲስ ዴስክቶፕ አዘጋጅታ፣ በአሮጌው ላይ የነበረውን ወደ 380 ጊጋባይት የሚጠጋ ፎቶና ሰነድ መልሳልናለች። ጎበዝ ናት ብለን ብቻ አናልፍም፤ የሠራችበትን መንገድ እንንገራችሁ።

አዲሱን ሳትነካ መጀመሪያ የአሮጌውን ሃርድ ዲስክ ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል መመርመሪያ ፕሮግራም አየች። ቢጫ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ዲስኩ የተበላሹ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) አሉት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ዊንዶውስ እያስነሱበት ማሠራት፣ ይባስ ብሎም ዲፍራግ ማድረግ (ፋይሎቹን በዲስኩ ላይ መልሶ ማደራጀት)፣ የቀረችውን ዕድሜ መጨረስ ነው። ስለዚህ ነቅላ በሌላ ማሽን ላይ ገጠመችውና መጀመሪያ ፎቶዎቹን፣ ቀጥሎ ሰነዶቹን፣ በመጨረሻ ፊልሞቹን ገለበጠች። ፊልም እንደገና ይገኛል፤ የልጅ ክርስትና ፎቶ አይገኝም።

ሁሌም ኮፒ እንጂ ካት (ቆርጦ ማዛወር) አታደርግም። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ዋናው ፋይል በቦታው ይገኛላ! ጊዜውንም ታውቀዋለች፦ ይህን ያህል መጠን በዩኤስቢ 2.0 ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በሰማያዊው 3.0 ወደብ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ጥቃቅን ፋይሎች ሲበዙ ይረዝማል።

የቀድሞው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያለበት ኤክስተርናል ዲስክ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ምልክት) ሆነው ነበር። እዚህ ላይ ስንቱ «ጠፍቷል» ተብሎ ፎርማት ይደረጋል! ፎልደርን እንዲህ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ሾርትከቶቹን ሳትከፍት በአንቲቫይረስ አጽድታ፣ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የተደበቁትን አወጣቻቸው።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲሱ ላይ ዊንዶውስ 11 ጫነች። ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ መክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። ቁጥሩ 48 አሃዝ ነው፤ ማዘርቦርድ ተቀይሮ ከተጠየቀና ከሌለ፣ የተቆለፈውን ዲስክ ማንም አይከፍተውም።

ከሁሉ የገረመን የአማርኛ ሰነዶቹ ጉዳይ ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎባቸው ይከፈታሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። የቀድሞውን ፎንት ከአሮጌው ዲስክ አውጥታ ስትጭነው ደብዳቤዎቹ ተነበቡ። ከእንግዲህ የሚጻፈውን ግን በዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት)፣ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ፎንት፣ እንድንጽፍ መከረችን።

መልሳ ስትጭንም የቀድሞውን የተጠቃሚ ፎልደር እንዳለ አልገለበጠችውም፤ የአሮጌ ፕሮግራሞች ቅንብር አብሮ መጥቶ ያስቸግራል። የሚያስፈልገውን ብቻ ወሰደች፣ የፋይሉን ብዛት ከሁለቱም ወገን አስተያየች፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ጥቂት ከፍታ አሳየችን።

አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አላደረገችውም። በፕላስተር ላይ ቀኑን ጽፋ ለጠፈችበትና «ሦስት ወር አትንኩት፣ የጎደለ ነገር ትዝ ካላችሁ ከዚህ ይወጣል» አለችን። ዋጋውንም ሥራ ሳትጀምር ነበር የነገረችን፤ ሲያልቅ አልጨመረችም።

ሐዋሳ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ፈቅዳልናለችና ስልኳን እንሰጣችኋለን።