አማቴን ከባሕር ጋር ላስተዋወቀችልን የዋሃካ አስጎብኚ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለአንዲት ሴት ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ፣ እንዲሁም ልጆችንና አረጋውያን ወላጆችን ይዛችሁ ሜክሲኮን ለማየት የምታስቡ ወገኖቼ እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ያገኘን እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው። ባለፈው የገና ዕረፍት ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እኔና ሁላችንም እማማ የምንላቸው አማቴ በደቡብ ሜክሲኮ በምትገኘው የዋሃካ ግዛት አሥር ቀን ቆይተን ተመልሰናል። አስጎብኚያችን እዚያው የተወለደች የሳፖቴክ ሕዝብ ልጅ ናት። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ፈቃዷን ሳልጠይቅ በአደባባይ ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ ነው።

ከዚያ በፊት የሆነውን ሳልናገር ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው አገር ወደ ሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደን ነበር። የከተማውንም የድርጅቱንም ስም አላነሣም፤ ገንዘባችንን ከፍለን የተዋዋልነው ግን ቅርስንና ጸጥ ያለ ባሕርን አንድ ላይ ለማየት ነበር። ስንደርስ የተሰጠን ሆቴል የተዋዋልንበት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ተጋብዛችኋል ተብለን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ የዕረፍት ቤት ድርሻ ግዙ የሚል ውትወታ ስንሰማ አረፈድን። የቅርስ ጉብኝት የተባለውም ቢሆን አውቶቡሱ በየሱቁ እየቆመ ቀኑን ከጨረሰ በኋላ በጥንታዊው ፍርስራሽ አጠገብ አርባ ደቂቃ ብቻ የሰጠን ነበር። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቡድኑ እኩል መራመድ አልቻሉም፤ የሚጠብቃቸው ሰው ጠፍቶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ። በባሕሩም ዳርቻ ከገባንበት እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፤ የዚያ ዳርቻ ማዕበል ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የነገረን አልነበረም።

ከሁሉም የከፋው ግን የምግቡ ነገር ነው። የልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በጾመ ነቢያት ስለሆነ እማማ በጉዞም ላይ ይጾማሉ። የአትክልት ሾርባ ነው ተብሎ ለሦስት ቀን የቀረበላቸው በዶሮ መረቅ የተሠራ መሆኑን በአራተኛው ቀን ሰማን። ስንጠይቅ አስተናጋጁ «ሥጋው እኮ የለበትም» ብሎ ሳቀ። እማማ አልተቆጡም። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ከቤት ይዘን ከሄድነው በሶ በቀር ምንም አልቀመሱም። እሳቸው መንዝ ተወልደው ያደጉ፣ በዚያን ጊዜ 70 ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ባሕርን ከአውሮፕላን መስኮት ካልሆነ በቀር አይተው አያውቁም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ውኃው እግራቸውን ሳይነካ ተመለሱ። ባለቤቴ ያንን እስከ አሁን ሲያስታውስ ፊቱ ይለወጣል።

የዋሃካዋን አስጎብኚ የጠቆመኝ የዚያ አገር ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስደውልላት ልቤ ገና ቁስሉ አልሻረም ነበርና ስለ ዋጋና ስለ ውል ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግን «ከመካከላችሁ ቀስ ብሎ የሚራመደው ማን ነው?» የሚል ሆነ። የእማማን ጉልበት ነገር ስነግራት «እንግዲያው መንገዱን የምንለካው በእሳቸው እግር ነው» አለችኝ። ስለ ጾሙም ዝም ብላ እሺ አላለችም፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ መረቅ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በመጨረሻም እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን የአሳማ ስብ አነሣች፤ በዋሃካ የጥቁር ቦሎቄ ወጥና ትልቁ የበቆሎ ቂጣ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ እንደሚሠራ የነገረችኝ እሷ ናት። አሳማ በፍስክም የማይቀርብበት ቤት ላደጉ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እማማ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስላላቸው ስለ ቪዛውም ተጨንቄ ነበር፤ የጸና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለጉብኝት ሲገባ የሜክሲኮ ቪዛ እንደማያስፈልገው አስረድታ ያንንም ጭንቀት አቀለለችልን።

ሞንቴ አልባን ከዋሃካ ከተማ በላይ፣ ከሸለቆው ወደ 400 ሜትር ከፍ ባለ ተራራ አናት ላይ ያለ ጥንታዊ ከተማ ነው። ሳፖቴኮች የቆረቆሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ከዋሃካ አሮጌ ከተማ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አስጎብኚያችን በሩ በሚከፈትበት ሰዓት አደረሰችን። በአንድ እጇ ታጣፊ በርጩማ፣ በሌላው ጥላ ይዛ ነበር፤ ሁለቱንም ያመጣችው ለእማማ ነው። ጥቂት እንደተራመድን በርጩማውን ትዘረጋለች፣ እማማን ታስቀምጣለች፣ ታሪኩንም የምትነግረን እሳቸው በተቀመጡበት ቦታ ነው። በዚህ ሁኔታ እማማ ያን ሰፊ አደባባይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት፤ የቀረ ነገር የለም። ልጄ ሰው የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች ሲያይ ዳንሰኞች መሰሉት፤ ስማቸውም በስፓንኛ ያንኑ ማለት እንደሆነ፣ ዛሬ ግን ብዙ ተመራማሪዎች የተገደሉ ምርኮኞች ምስል አድርገው እንደሚያዩአቸው አስረዳችው። ከሌሎቹ ሕንጻዎች ዞር ብሎ ስለተሠራው ቤትና ስለ ከዋክብት የነገረችንን እኔ በቅጡ አልተከተልኩትም፤ ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ከሰዓት በኋላ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው አልፎንሶ ካሶ በ1932 ከሞንቴ አልባን 7ኛው መቃብር ያወጣውን ወርቅ በሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ሙዚየም ወስዳ አሳየችው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቴኦቲትላን ዴል ባዬ ወሰደችን። የሱፍ ምንጣፍ የሚሸመንበት መንደር ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከሱቅ ሱቅ ስንጎተት ስለነበር ይህም ሌላ ሱቅ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ያስገባችን ግን የራሷ ዘመዶች ግቢ ውስጥ ነው፤ ግዙ ያለን ሰው አልነበረም። የቁልቋል ተባይ ከሆነች ትንሽ ነፍሳት የሚወጣውን ደማቅ ቀይ ቀለም፣ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲልበት ወዲያው ወደ ብርቱካናማ ሲለወጥ አሳዩን። በትግራይ ብዙ በለስ ያጠፋችው ይህችው ነፍሳት ናት፤ እዚያ ግን እንደ ከብት ተጠብቃ ትረባለች፤ ይህን ሳይ ልቤ ሁለት ሆነ። እማማ ግን ዓይናቸው ሱፉ ላይ ነበር። በመንዝ የበግ ጠጉር የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ባና እና ዝተት የሚባለው የሱፍ ልብስ የሚሠራው ከዚያ ፈትል ነው። እማማ ከእናታቸው ጋር ሲፈትሉ ነው ያደጉት። የቤቱ ባልቴት ሱፉን ስታበጥር አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ባልቴቷም መበጠሪያውን ሰጠቻቸው። አንዲት የጋራ ቃል ሳይኖራቸው አንድ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው አበጠሩ። አስጎብኚያችን ቀጣዩን ቦታ ለመድረስ አላቻኮለችንም፤ ሚትላ የሚባል ሌላ ጥንታዊ ስፍራ የምናይበትን ቀን ወደ ማግስቱ አዛወረችው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ደግሞ የዚያን ቀን ምሳ ነው። ለካስ ከዋዜማው ወደ አንዲት የመንደር ምግብ አብሳይ ሄዳ የእማማን ጾም አስረድታ፣ አዲስ የአትክልት ዘይት ራሷ ገዝታ ሰጥታት ነበር። ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር፤ እማማ ከቀትር በፊት እንደማይበሉ ስለምታውቅ ማዕዱ እንዳይቀርብ አደረገች። ከዚያም እማማን በእጃቸው ይዛ ወደ ማድ ቤቱ አስገባቻቸውና «ሌላ ቦታ አታለዋችኋል፤ ስለዚህ እዚህ ማንንም አትመኑ፣ በዓይንዎ ይዩ» ብላ እንድተረጉምላቸው ነገረችኝ። አብሳይዋ የእያንዳንዱን ድስት ክዳን ከፍታ አሳየች፤ በአቦካዶ ቅጠል የተቀመመ ጥቁር ቦሎቄ፣ የተጠበሰ ለጋ የቁልቋል ቅጠል፣ በርበሬና ቲማቲም። በእሳቱ ላይ የተጣደውን የሸክላ ምጣድና የበቆሎ ቂጣውን ሲያዩ እማማ «ይህማ የእኛ ምጣድ ነው» አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት በራቸውን ዘግተው በሶ ያሹ የነበሩት እናት ያን ቀን በልተው፣ ባርከው፣ አብሳይዋን ስመው ተነሡ። አስጎብኚያችን ለዚህ ተጨማሪ አንድ ፔሶ አልጠየቀችም፤ የዘይቱን ዋጋ ልስጥሽ ስላትም አልተቀበለችኝም። ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ አገር አላየሁም፤ የሰውን ጾም እንደ ራሱ አድርጎ የጠበቀ ባዕድ ግን ከዚህች ሴት በፊት አላጋጠመኝም።

ገናቸው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 23 ማታ፣ በከተማው አደባባይ ከ1897 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገውን የፍጅል ቅርጻ ቅርጽ ትርኢት አይተናል። ልጄ የልደትን ታሪክ ከፍጅል ተቀርጾ ስታይ የተሰማትን ደስታ እሷው ብትነግራችሁ ይሻላል።

ገናቸውን በከተማው ውለን ወደ ባሕሩ ወረድን። ድሮ ከዋሃካ ከተማ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚወስደው የተራራ መንገድ ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚፈጅና ጠመዝማዛ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2024 የተመረቀው አዲሱ መንገድ ግን በሦስት ሰዓት ገደማ ፑዌርቶ ኤስኮንዲዶ ያደርሳል። እዚያ ስንደርስ የልጄ ልብ በማዕበል ተንሸራታቾች የታወቀውን የሲካቴላን ዳርቻ አይቶ ተነሣ፤ አስጎብኚያችን ግን ከመኪና ወርደን እንድናይ ብቻ ፈቀደች። ውኃው ዋናተኛ እንደሚወስድ በግልጽ ነገረችው። ካሪሳሊዮ የሚባለው ጸጥ ያለ ዳርቻ ደግሞ ከ150 በላይ ደረጃ ስላለው ለእማማ ጉልበት አይሆንም አለች። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ይዛን ወደ ዋቱልኮ ነዳች። ዋቱልኮ ዘጠኝ የባሕር ወሽመጦች ያሉት ሲሆን ከፊሉ ከ1998 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በፓርኩ ክልል ጫካው እስከ አሸዋው ይወርዳል፣ ሆቴልም የለም።

ላ ኤንትሬጋ የሚባለው ዳርቻ ውኃው የረጋ ነው፤ በዕረፍት ሰሞን ግን ሰው ይሞላዋል። አስጎብኚያችን ይህን ስለምታውቅ ጎህ እንደቀደደ ከእንቅልፋችን አስነሥታ፣ ጀልባዎቹ ሳይመጡ አደረሰችን። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በአሸዋው ላይ ቆሙ። ውኃው መጥቶ እግራቸውን ሲነካ ወደ ኋላ አላሉም፤ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ከዚያም ጨው መሆኑን ቀምሰው አረጋገጡ። ባለቤቴ አጠገባቸው ቆሞ ያለቅስ ነበር። አስጎብኚያችን ከኋላችን ራቅ ብላ ያችን በርጩማ ይዛ ቆማለች፤ ፎቶ ላንሣችሁም ብላ አላቋረጠችንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጸጥታ ብቻ ነበሩ፤ ስለ እነሱ የምናገረው ብዙ የለኝም። አንድ ማታ ግን ወደ ማሱንቴ አቅጣጫ ወስዳን ልጆቹ የኤሊ ጫጩቶችን ወደ ባሕር ለቀቁ። ሜክሲኮ የባሕር ኤሊ ማደንን በ1990 ከመከልከሏ በፊት የዚያ ሰፈር ኑሮ በኤሊ እርድ ላይ የቆመ ነበር፤ ዛሬ የኤሊ ማዕከል አለበት። የሰው እጅ የተቀባው ቅባት ጫጩቱን ስለሚጎዳው እያንዳንዱ ሰው በግማሽ ቅል ይቀበላል። ለእማማም አንድ ቅል ሰጧቸው። «ቅልማ እኔ ነኝ የማውቅበት» ብለው ለልጄ አያያዙን አሳዩአት።

ስንሰነባበት ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝ። በመመለሻችን ሜክሲኮ ሲቲ ግማሽ ቀን እንደምንቆይ አውቃ፣ በዚያች ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመው የባቡር ጣቢያ ድረስ የምንሄድበትን መስመር ጽፋልን ነበር። ሄድን። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ወደ ግዛቷ መጠቅለሏን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ እንደነበረች፣ አዲስ አበባም ሜክሲኮ አደባባይ ያላት ለዚህ ወዳጅነት መሆኑን ለልጆቼ የነገርኳቸው ከዚያ ምልክት ሥር ቆመን ነው። ልጆቼ አዲስ አበባን ገና አላዩአትም። ያን ወረቀት ካላገኘን ግማሹን ቀን በአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ እናሳልፈው ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በተለይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን ሴት አነጋግሩ። የተነጋገርንበትን ዋጋ እስከ መጨረሻው አልለወጠችም፤ የመንግሥት የአስጎብኚነት መታወቂያዋን ሳንጠይቃት አሳይታናለች፤ እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ ስልኳን እልካለሁ። የዲሴምበር ቀኖቿ ቶሎ ስለሚያዙ ከወራት በፊት ደውሉላት፤ ከመካከላችሁ የሚጾም ሰው ካለም ገና በመጀመሪያው ጥሪ ንገሯት፤ ዘይቱን ከዋዜማው ትገዛለችና።