ላፕቶፔ ከሊኑክስ ጋር 9 ወር፦ የኤችዲኤምአይዋ ነገር

ይህን ላፕቶፕ ከገዛሁት 9 ወር ሆነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው የጫንኩበት። ኪቦርዱ ይመቻል፣ ስክሪኑም አይን አያደክምም። ስለነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ብዕር ያስነሳችኝ በጎኑ ያለችው፣ ሞኒተር የሚሰካባት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት እንደወትሮዬ ሞኒተሬን ሰካሁ። "ሲግናል የለም" ብሎ ጠቆረ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ግን ምንም አልሆነም። 8 ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያላስቸገረኝ ነገር በአንድ ሌሊት ጭጭ አለ። ማታ የነካሁት ነገር ቢኖር የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከሞኒተር ጋር ማን ያገናኘዋል?

መጀመሪያ የፈረደበትን ኬብል ቀየርኩ። ሞኒተሩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ቀጥሎ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ዌይላንድን ጠረጠርኩና መግቢያው ላይ በእሱ ፈንታ የቀድሞውን ኤክስ 11ን መርጬ ገባሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም በግራብ ውስጥ ኖሞድሴት የምትባለዋን ቃል ጨመርኩ። ስክሪን በጠቆረ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚመክራት ቃል ናት። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የስክሪኑን ጥራትና አሠራር ራሱ እንዳያዘጋጅ ታግደዋለች። ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ተበላሽቶበት ጭራሽ መግባት ላቃተው ሰው ትጠቅማለች፤ ለኔ ግን የባሰ አመጣች። የላፕቶፑም ስክሪን ጥራቱ ወረደ፣ ብርሃኑን መቀነስና መጨመርም ቀረ። አወጣኋት።

እልህ ያዘኝና የኤክስ 11 ማዋቀሪያ ፋይል በእጄ ጻፍኩ። ይሄኔ ሁለቱም ስክሪኖች ጠቆሩ። ልቤ ድንግጥ አለ። ኮንትሮልና አልትን ይዤ ኤፍ 3ን ስጫን የጽሑፍ መግቢያው ብቅ አለልኝ፤ እፎይ አልኩ። ፋይሉን እዚያው ሰርዤ ሪስታርት አደረግኩ። እንዲህ ስል ሁለት ቀን ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ማታ መገመቱን ተውኩና ማየት ጀመርኩ። ሊኑክስ ላይ ሲስ ከሚባለው ማውጫ ውስጥ ክላስ፣ ከክላስ ውስጥ ደግሞ ዲአርኤም የሚባል አለ። እያንዳንዱ የስክሪን መሰኪያ በየትኛው የግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ስር እንዳለ እዚያ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ከፈትኩት። ኢዲፒ የተባለው የላፕቶፑ ስክሪን አለ። ዲፒ (ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላ የሞኒተር መሰኪያ ዓይነት) የሚሉም አሉ። ሁሉም በአንድ ካርድ ስር ናቸው። ኤችዲኤምአይ የሚል ግን የለም። ሁለተኛው ካርድ ራሱ የለም!

ማሽኑ ሁለት ግራፊክስ አለው። ትንሹ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ነው፤ ትልቁ ራሱን የቻለ ካርድ ነው። የተገጠሙትን ክፍሎች በሚዘረዝረው ኤልኤስፒሲአይ በሚባል ትእዛዝ ስጠይቅ ትልቁ ካርድ በቦታው አለ፤ ድራይቨሩ ግን አልተጫነም። በእጄ ልጭነው ስል ድራይቨሩ የተፈረመበት ዲጂታል ቁልፍ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚናገር አንድ መስመር መለሰልኝ። ያቺን መስመር ሳይ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የባዮሱ አፕዴት እኔ ድሮ ያጠፋሁትን ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለውን) መልሶ አብርቶታል። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ በማያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ሞጁል (እንደ ድራይቨር ያለ ተጨማሪ ክፍል) አይቀበልም። የትልቁ ካርድ ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ዲኬኤምኤስ በሚባል መሣሪያ እዚሁ ማሽኔ ላይ የሚገነባ ነው። ፊርማውን ማን ያውቅለታል? ኤችዲኤምአይዋ የተያያዘችው ከትልቁ ካርድ ጋር ብቻ ስለሆነ አብራ ሞተች።

ሴኪዩር ቡትን መልሼ ማጥፋት እችል ነበር። ድራይቨሩ የተፈረመበትን ቁልፍ ማስመዝገብ መረጥኩ። ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ጊዜያዊ ፓስወርድ ሰጥቼ ሪስታርት አደረግኩ። ሲነሳ አንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ 10 ሴኮንድ ጠብቆ የኪቦርድ ቁልፍ ካልተጫነ ዝም ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ቻርጀር ልሰካ ጎንበስ ስል አመለጠኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሁለተኛው ላይ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ቁልፉን መዝግብ፣ ቀጥል፣ አዎ፣ ፓስወርድ። ማሽኑ ተነሳ። ሞኒተሩ በራ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሻጩ ይህን ቢሰማ "ሁለት ግራፊክስ አለው፣ ሊኑክስም ይሠራል ብዬሃለሁ" ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አልዋሸም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ካርድ ጋር ነው የተያያዘው? ሳጥኑ ውስጥ ይህን የሚናገር አንድ መስመር የለም። "ለጌም እንዲፈጥን ነው እንዲህ የተሠራው" ካለኝም፣ ይሁን፤ ግን ንገረኝ። "የድራይቨር ጉዳይ ነው" ቢለኝ ግን አልሰማውም። ድራይቨር ነገ ሊስተካከል ይችላል፤ የተዘረጋ ሽቦን የትኛው አፕዴት ነው የሚቀይረው? ለማያውቅ ሰው ሁለት ቀን ያስጨንቃል። ይህ ያናድደኛል፤ አሁንም ያናድደኛል።

በዚያው ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ። እነዚያ ዲፒ የተባሉት መሰኪያዎች በትንሹ ግራፊክስ ስር ነበሩ። ዲፒ ደግሞ እዚህ ማሽን ላይ በዩኤስቢ ሲዋ በኩል የሚወጣው ነው። ትንሹ ግራፊክስ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ቁልፍ አይጠይቅም፣ ግንባታ አይጠይቅም። የዩኤስቢ ሲ ኬብል አምጥቼ ሰካሁ። ሞኒተሩ ወዲያው በራ፤ ምንም አልነካሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኤችዲኤምአይዋን አልተጠቀምኩም። ሞኒተር በእሷ ላይ እስካለ ድረስ ትልቁ ካርድ መተኛት አይችልም፤ ለካ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርም የነበረው ለዚህ ነው። አሁን ከባድ ቪዲዮ ስሠራ ብቻ ፕሮግራሙን ለይቼ በትልቁ ካርድ አስነሳዋለሁ። ሌላውን ጊዜ ተኝቷል። ክፍሉም ጸጥ ብሏል።

በግዢዬ አልጸጸትም። ያቺ ሳምንት ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ ግን ሽጬው ልገላገል ነበር የምላችሁ። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስታችሁ ያንን የዲአርኤም ማውጫ እዩት። የካርዶቹ ቁጥር ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል በቁጥሩ አትተማመኑ፤ የላፕቶፑ ስክሪን ካለበት ካርድ ስር የትኞቹ መሰኪያዎች እንዳሉ ተመልከቱ።

እኔ በሁለቱ ቀዳዳዎች አጠገብ ትንንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በኤችዲኤምአይዋ ላይ "ትልቁ"፣ በዩኤስቢ ሲዋ ላይ "ትንሹ" ይላል።