«የራሳችን ክሊኒክ አለን» ብሎ የሚጠራችሁ የሕክምና ትምህርት ቤት፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

ሕክምና ለመማር ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አልሆን ብለዋችሁ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት «የራሳችን ክሊኒክ ስላለን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታካሚ ታያላችሁ» ካላችሁ፣ እባካችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ ክሊኒካል ዓመት ላይ፣ ማለትም ታካሚ እያዩ መማር በሚጀመርበት ጊዜ፣ አቋርጬ ወጥቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳዩ ብዙ ስለሆነ ስሙን ብቻ ማወቅ አያድናችሁም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ይመስላሉ። አናቶሚም ሆነ ፊዚዮሎጂ ጥሩ አስተማሪ ካለ በትንሽ ክፍልም ይሰጣል። ጉዱ የሚወጣው ዋርድ፣ ማለትም ሕመምተኞች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል፣ የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ነው፤ ክሊኒኩ ዋርድ የለውም።

የውስጥ ደዌ አታችመንታችን (የተግባር ልምምዳችን) ይህን ይመስል ነበር፦ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ መመርመሪያ አልጋ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት። እኛ በሰልፍ ቆመን እየተቀባበልን ደረታቸውን አዳመጥን። ገና ግማሻችን ሳንደርስ እናትየው «ልጆቼ፣ በቃኝ» ብለው ልብሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። እውነታቸውን ነው። የዕለቱ ትምህርት ግን በዚሁ አለቀ። የማህፀንና ጽንስ ተራ ሲደርስ ደግሞ ይባስ። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ክሊኒኩ ብትመጣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ መላክም አለባት። እኛ ታዲያ አንድም ወሊድ ሳናይ የሠራነውን በምንመዘግብበት ደብተር፣ በሎግ ቡካችን ላይ «አግዣለሁ» የሚለውን እንድንሞላ ተነገረን፤ አስተማሪው ደብተሮቹን ደርድሮ በአንድ መቀመጫ ፈረመባቸው። እኔ መቀጠል እንደማልችል የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ወደፊት ያን ፊርማ አምና እጄ ላይ የምትወድቅ እናት ትኖራለችና።

ክሊኒክ የሚያየው ተመላላሽ ታካሚ ነው፤ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተማሪ ሐኪም የሚሆነው ግን ተኝቶ ታካሚን በመከታተል ነው። ልቡ የደከመ ሰው እብጠቱ በየቀኑ ሲቀንስ፣ ትናንት የተቀደደ ሆድ ዛሬ ትኩሳት ሲያመጣ፣ ሌሊት የተወለደ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው በቦታው ካልተገኛችሁ ከመጽሐፍ አታገኙትም። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ ማህፀንና ጽንስ፣ የአእምሮ ሕክምናና ድንገተኛ ክፍል ከነሌሊት ተረኛነታቸው እውነተኛ ሆስፒታል ይፈልጋሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ አብርሃም ፍሌክስነር በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በአሜሪካና በካናዳ የነበሩ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ገምግሞ ነበር። ብዙዎቹ በተማሪ ክፍያ የሚኖሩ፣ ላቦራቶሪያቸው ባዶ፣ የሚያስተምሩበት ዋርድ የሌላቸው ነበሩ፤ የአሜሪካዎቹ ወደ 31 ዝቅ እንዲሉም ሐሳብ አቀረበ። እኛን ያጋጠመን ነገር ያኔም በስሙ ተጠርቶ ተወግዟል።

በወረቀት በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፈቃድ ነው። ጠጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ክሊኒኩ ታካሚ እንዲያክም የተሰጠ ፈቃድ ሐኪም ለማሠልጠን ከሚሰጥ ዕውቅና ጋር አይገናኝም። ዕውቅናው የፕሮግራሙ ስም፣ የካምፓሱ ስምና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛው «በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ አለን» የሚሉት ነው። ማውጫው ራሱ በዝርዝሩ መገኘት ዕውቅና እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽንም ለትምህርት ቤት ዕውቅና አይሰጥም፤ የሚመዝነው ዕውቅና ሰጪዎቹን አካላት ነው። ስለዚህ «ፌዴሬሽኑ ዕውቅና ሰጥቶናል» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

«ከሆስፒታል ጋር ስምምነት አለን» ካሉ ደግሞ፣ በየትኛው ክፍል፣ ለስንት ሳምንት፣ በማን አስተማሪነት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ሆስፒታሉ ሄዳችሁ «የእነዚህ ተማሪዎች አሁን እዚህ አሉ?» በሉ። የእኛው ትምህርት ቤት የሚያሳየው ሰነድ ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበር። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎችንም አስተዳደሩ በሌለበት አነጋግሩ፦ ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ተረኛ ነበራችሁ? ካርድ ማውጣትና ቁስል ማጠብ ብቻ ከሆነ የሚሠሩት፣ ክሊኒኩ እየከፈሉ የሚያገለግሉት ሠራተኞች አግኝቷል ማለት ነው። ባለቤቱ፣ ዲኑና የክሊኒኩ ኃላፊ አንድ ሰው ከሆኑም አስቡበት፤ አቤቱታችሁን የሚሰማው የተከሰሰው ሰው ራሱ ነው።

ሁሉም ትንሽ ትምህርት ቤት መጥፎ ነው አላልኩም። ክሊኒኩን ለተመላላሽ ሕክምና ልምምድ ብቻ ተጠቅሞ ተማሪውን በቋሚነት ሆስፒታል የሚያሰማራ ካገኛችሁ ትንሽነቱ እንዲያውም ሊጠቅማችሁ ይችላል።

አስቀድማችሁ ለተመዘገባችሁ፦ ክሊኒካል ከመጀመራችሁ በፊት ዝውውር ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበል ትምህርት ቤት ማግኘት በጣም ይከብዳል። ትራንስክሪፕታችሁን፣ የየኮርሱን ዝርዝር ከነሰዓቱና የክፍያ ደረሰኞቻችሁን ማኅተም አስደርጋችሁ አሁኑኑ እጃችሁ አስገቡ። መልቀቅ እንደምትፈልጉ ካወቁ በኋላ ቢሮው በሩን ይዘጋባችኋል። ያላደረጋችሁትን ደግሞ «አድርጌያለሁ» ብላችሁ ሎግ ቡክ ላይ አትፈርሙ፤ ነገ ጥያቄ ሲነሣ የሚገኘው የእናንተ ፊርማ ነው።