ጋሼ፣ ድምፄን መለሱልኝ

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ምስጋና መጻፍ አይሆንልኝም። ግን ውለታ ነውና ልሞክረው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው የትምህርት ዘመን አንድ 9ኛ ክፍል ደረሰኝ፣ ያውም በመጨረሻው ፔሬድ። እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። አንዱን አስወጣለሁ፣ ሌላው ይቀጥላል። አርብ ሲደርስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር ቤት የምገባው። ሥራ ልቀይር ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ለሰው ግን አልተናገርኩም፣ "ክፍል መቆጣጠር ያቃተው" መባል እንዴት እንደሚያሸማቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚያ ነው ጋሼ የመጡት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አሁን ክፍል እየገቡ መምህራንን ያማክራሉ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስለማይወዱ አልጽፈውም።

ሦስት ፔሬድ ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጻፉ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ደብተራቸውን ሳየው ሦስት ዓምድ አለው፤ ረብሻው ከመነሳቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተከተለ። አብዛኛው ረብሻ የሚነሳው ስም ስጠራ፣ ደብተር ስመልስና ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነበር። "ልጄ፣ ጀርባህን ሰጥተህ አራት ደቂቃ ትጽፋለህ። እኔም ብሆን አወራ ነበር" አሉኝ።

ስለዚህ ጥያቄውን ልጆቹ ሳይገቡ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በር ላይ ቆሜ በስማቸው ሰላም እላቸዋለሁ። እነሱ ሲሠሩ ስም እይዛለሁ። ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አናዶኝ ነበር።

ጋሼ ጃኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያነሳሉ። ሰውየው ሲያስተምር ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ተማሪ ይገሥጻል፤ ያልተገሠጹትም ጭምር ቀጥ ይላሉ። ይህ ገርሞት ጉዳዩን ማጥናት ጀመረ። በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ግን ጥሩ መምህርን የሚለየው ከረብሻ በኋላ የሚሰጠው ቅጣት ሆኖ አልተገኘም፤ ሁሉን እንደሚያይ ልጆቹ እንዲያውቁ ማድረጉና ትምህርቱን ሳያንጠባጥብ ማስኬዱ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ወደሱ ረድፍ ሲጠጋ ወይ ወንበር ይወድቃል፣ ወይ እሱ የነካው ጎረቤቱ "አመመኝ" ብሎ ይጮሃል። እኔም ልጁን አስወጣዋለሁ። ጋሼ ዓምዶቹን እያሳዩኝ "እሱ እኮ የሚፈልገው መውጣቱን ነው፤ አንተ ደግሞ በየቀኑ ትሰጠዋለህ" አሉኝ። ለካ ልጁ ማንበብ ይከብደዋል። 9ኛ ክፍል ደርሶ ማንም አላስተዋለም፣ እኔን ጨምሮ። ከዚያ በኋላ የሚያነባትን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ለብቻው እነግረው ጀመር፣ የንባብ ድጋፍም ተመቻቸለት። መልአክ አልሆነም፤ ወረቀት አሁንም ይወረውራል። ወንበር ግን አይወድቅም።

ሌላው፣ በጓደኞቹ ፊት ከተማሪ ጋር እሰጥ አገባ መግጠም አስተዉኝ። ተመልካች ካለ ልጁ ወደኋላ ማለት ይከብደዋል። አሁን ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ "ደብተርህን ክፈት፣ አመሰግናለሁ" እልና ዞር እላለሁ። ዞር ማለቷ ናት ዋናዋ። ቆሜ ካፈጠጥኩበት ነገሩ ማን ያሸንፋል ይሆናል።

ተአምር አትጠብቁ። ለውጡን ለማየት ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል። ሁለት ልጆች ደግሞ ችግራቸው ከክፍሌ በላይ ስለነበር ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ነው የሄዱት። በመቀመጫ ለውጥ ጉዳይ ከጋሼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም፤ አነጋገራቸውም አይለሰልስም፣ ቶሎ የሚከፋችሁ ከሆነ ተዘጋጁ።

ርዕሰ መምህራን ይህን ካነበባችሁ፣ አዳራሽ ሰብስቦ ግማሽ ቀን ከሚያወራ አሠልጣኝ ይልቅ ክፍል ገብቶ የሚቀመጥ ልምድ ያለው ሰው ፈልጉ። የሚጽፈውን ለማን እንደሚሰጥም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጋሼ ማስታወሻቸውን ለእኔ ብቻ ነው የሰጡት፤ ለአለቃ ቢሄድ ኖሮ ለሦስቱ ቀን የቲያትር ክፍል አዘጋጅላቸው ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብተርዎ አሁንም እኔ ጋ ነው። ሲመችዎት ብቅ ይበሉና ጽሕፈትዎን ያንብቡልኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።