መሸምደድ ወይስ ቃሉን መፍታት?

ለሦስተኛ ክፍል ልጅ አዲስ ቃል በሁለት መንገድ ማስተማር ይቻላል። አንዱ የለመድነው ነው። አሥር ቃል ከነፍቺው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጁ ገልብጦ ይሸመድዳል። ለፈተና ይደርስለታል። ለንባብ ግን እምብዛም።

ሌላው ቃሉን መፍታት ነው። ልጁ «ስላልተከፈተላቸው» ላይ ሲደርስ ይደነግጣል፤ አሥር ፊደል እኮ ነው! ከፊት «ስላል»ን፣ ከኋላ «ላቸው»ን በጣት ሸፍኑለት። «ተከፈተ» ይቀራል። ይህንንማ ያውቀዋል። ከዚያ «መክፈቻ»ን፣ «ክፍት»ን፣ «አስከፈተ»ን አሳዩት። ከ፣ ፈ፣ ተ ድምፃቸው ቢለዋወጥም («መክፈቻ» ላይ ተ «ቻ» ሆኗል) ሁሉም ውስጥ አሉ። አንድ ሥር ይዞ ብዙ ቃል ያነባል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አማርኛ ራሱ የተሠራው እንዲህ ነዋ። «ጉማሬ»ን የመሰለ ቃል ግን አይፈታም። ለእሱ ሥዕሉን ማሳየት ይበቃል።